ከዘጠና ስድስት ወደ ሰባ ስምንት

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ኢልሀም፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም፣ ባለቤቴ ሞላም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላኩልኝ ካርቶን በሹፌሩ በያሲን እጅ ማክሰኞ ዕለት ደርሶኛል። ስድስቱም ጣሳ እንደታሸገ ነው። ደብዳቤዎንም አንብቤዋለሁ።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ፣ አልተጸጸትኩም ነው። ጥቅምት ላይ ወንድሜን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስመጣ ያገኘሁት ደሳለው እኔ የማውቀው ደሳለው አልነበረም። በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ማሽን ሥር ተኝቶ ደሙ ሲታጠብ አይቻለሁ። ያን ዕለት በኮሪደሩ ላይ "የእህት ኩላሊት ይሆነዋል ወይ?" ብዬ የጠየቅኩዎት ለወሬ አልነበረም። ዶክተሩም "ደምሽ ይገጥማል፤ ክብደትሽ ግን አይፈቅድልኝም። ከዘጠና ስድስት ኪሎ ወደ ሰባ ስምንት ወርደሽ ተመለሺ" ካለኝ፣ እወርዳለሁ።

ጣሳው ውስጥ ያለውን የማክሻ ዱቄት እንደታዘዘው ጀምሬያለሁ። ጠዋት አንድ ስፍር በውሃ፣ ማታ አንድ ስፍር በውሃ፣ ምግብ ምሳ ላይ ብቻ። ጣዕሙን ካነሣን፣ ከረሜላ የሟሟበት የሕፃን ወተት ነው የሚመስለው። ሆድ ግን ይይዛል። የከበደኝ ሌላ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት ቀኑን ሙሉ ወጥ እያማሰለች፣ ሳትቀምስ ጨዉን በምን ትወቀው? አሁን የምትቀምስልኝ ረዳቴ ዝናሽ ናት። እሷ ደግሞ ጨው ወዳጅ ናት። ደንበኛው ማጉረምረም ጀምሯል።

አደራዎን፣ ደሳለው እንዳይሰማ። እዚህ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲሠራም እሱ አጠገብዎ ነው። ያሲን በየሳምንቱ ስለሚመላለስ በደብዳቤ ይሻለናል።

አክባሪዎ
ብርሀንነሽ አወቀ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሀንነሽ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጋሽ ሞላና ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሳለው በዚህ ሳምንት ሁለቱንም እጥበት ጨርሶ ትናንት ትንሽ ሲራመድ ዋለ። ትምህርት ቤት ገብቶ ማስተማሩን ግን ካቆመ ሁለት ወር ሆነው።

ያነሡትን ነገር የሥነ ምግብ ባለሙያዋን ጠይቄያታለሁ። ፋርማሲ ብሠራም በራሴ ግምት መመለስ ፈራሁ። "መቅመስ ምንም አይደለም፤ ማንኪያውን ቀምሳ ትትፋው" ብላለች። ዱቄቱ ከሁለት ስፍር እንዳይበልጥ፣ ከሁለት ስፍርም እንዳያንስ። ፕሮቲኑ የተሰጠዎት ሰውነት ስቡን ትቶ ጡንቻውን እንዳይበላ ነው። ምሳዎ ላይ ምስር ወይም እንቁላል፣ ጎመኑ ሞላ ያለ፣ እንጀራው ግማሽ። ውሃ ደግሞ በብዛት። ከሁሉም በላይ ውሃውን እንዳይተዉ አደራ ብላለች።

አንድ ነገር ልበል? "ወይዘሮ ኢልሀም" ብለው ሲጽፉልኝ ከቀበሌ የመጣ ወረቀት መሰለኝ። እኔ የከላላ ልጅ ነኝ፤ ከእናንተ አገር ብዙ አልርቅም። ሠርጋችን ላይ አለመምጣትዎን ዘጠኝ ዓመት በሆዴ ይዤው ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ግን በሆዴ የያዝኩት ምስጋና ነው። ለመክሳት በሚታገልልኝ ሰው ላይ ቂም መያዝ አልችልበትም።

ልጅዎ
ኢልሀም


መካነ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢልሀም፣

እንደምን አለሽልኝ? "አንቺ" ብዬሻለሁና አንቺም "አንቺ" በይኝ። ከእኔ ሌላ የሚከበር ሽማግሌ ካለ ፈልጊና አንቱታውን ለእሱ አድርጊው።

መቼም መጀመሪያ የምትጠይቂኝን አውቀዋለሁ፤ ሰማንያ ስምንት። የምመዘነው ሞላ የእህል ንግዱን በሚሠራበት ሚዛን ነው። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ቆጥሮ ቆጥሮ "ኩንታል ሊሞላሽ አራት ኪሎ ነው የቀረሽ" አለኝና ራሱ ሳቀ። አሁን አይስቅም።

ሞላ ያውቃል፤ ባሌን ደብቄ አካሌን አልሰጥም። የነገርኩት ዕለት ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን "መጽሐፉ እኮ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ይስጥ ነው የሚለው፤ ኩላሊት አይልም" አለኝ። "ታዲያ ኩላሊት ከልብስ ያንሳል?" አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። ማታ ሲመጣ እንቁላል ገዝቶ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አላወራንም፤ እንቁላሉ ግን አልተቋረጠም።

የከተማው ሰው ወሬ ሌላ ነው። እዚህ አገር መወፈር ደስታ፣ መክሳት መከራ ነው። ሰው ሁሉ "ምነው? ምን ነካሽ?" ይላል። አንዷ ጠበል ይዛልኝ መጣች። ሌላዋ ዝናሽን ለብቻ ጠርታ "ስኳር ነው ወይስ ያ ክፉው በሽታ?" ብላ ጠየቀቻት። ዝናሽ ደግሞ ምንም ስለማታውቅ ታለቅሳለች። ጣሳውን ስታይ ለበሽታ የታዘዘ መድኃኒት መስሏት ለብቻው በነጠላ ሸፍና ታስቀምጥልኛለች።

የታኅሣሥ ውርጭ ባዶ ሆድ ሲያገኝ አጥንት ይገባል። አልፏል ግን። አሁን ሽቅብ ስወጣ ጉልበቴ አይንቀጫቀጭም። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሦስት ጊዜ አርፍ ነበር፤ ባለፈው እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ አረፍኩ።

አብሽሪ፣ ይሳካል።

ብርሀንነሽ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልሀም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቶሎ እንድትመልሽልኝ አጭር አደርገዋለሁ። ሁዳዴ ሰኞ ገባ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የጎረቤት ተማሪ አስነበብኩ፤ ዱቄቱ ከወተት ነው የሚሠራው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። "ልጄ፣ ለሕክምና ነው፤ ነፍስ ለማዳን ነው፤ ውሰጂው" አሉኝ። ፈቀዱልኝ። እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወልጄ እንኳ ሁዳዴን አላፈረስኩም። እግዚአብሔርን ፈርቼ አይደለም፤ እሱ ያውቃል። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ ዘንድሮ ዱቄት ካልኩ ለከርሞ ቅቤ እላለሁ።

የጾም የሚሆን ዱቄት የለም?

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አገኘሁ። ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው፤ ወተት የለበትም፤ ከነወረቀቱ አንብቤዋለሁ። አራት ጣሳ ልኬያለሁ። ጣዕሙ ከፊተኛው ይከፋል፤ ለዚያ ይቅርታ። ምሳ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ እያፈራረቅሽ ብዪ።

ባለሙያዋ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቃለች። የምትጾሚው ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከምግብ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን እንዳትውዪ። ጠዋት አንድ ስፍር ግድ ነው።

እኛም ረመዳን ቅዳሜ ገባልን። አየሽ፣ አንቺ ጾመኛ እኔ ጾመኛ፤ ቤት ውስጥ የሚበላው ደሳለው ብቻ ነው። እሱም ጨው፣ ሙዝና ቲማቲም ተከልክሏል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነሥቶ ቴምሩን ሳህን ላይ ደርድሮ ውሃዬን ቀድቶ ይጠብቀኛል። "ተቀመጥ፣ ደክሞሃል" ስለው፣ "ዛሬ እንኳ ለሰው የሚሆን ሥራ ልሥራ" ይለኛል።

በያሲን አፍ ሰማንያ አራት ገባሁ ብለሽ የላክሽው እውነት ነው? እየፈጠነብሽ አይደለም?

ኢልሀም


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልሀም፣

ረመዳን ከሪም። ዱቄቱ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። ጽሕፈቴ ቢበላሽብሽ ብዕሩ ነው፤ ቀለሙ አልቋል። ሰማንያ ደርሻለሁ። ሁለት ኪሎ ብቻ ቀረኝ። ደህና ነኝ። ሞላም ደህና ነው። ሥራ ስለበዛብኝ ብዙ አልጽፍም። ኢዱ በሰላም ይግባላችሁ።

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርሀንነሽ፣

ብዕሩ አይደለም። እጅሽ ነው።

ያሲን ለኢድ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ቤት መጥቶ ነበር። ደሳለው ተኝቶ ስለነበር እኔን በር ላይ ጠርቶ ነገረኝ። ምድጃው ጋ ወድቀሻል። የፈላ ውሃ ቀኝ እጅሽ ላይ ተደፍቷል። ዝናሽ ናት ጎትታ ያወጣችሽ። ይኸ ሁሉ የሆነው መጋቢት አሥራ ሦስት ነው፤ አንቺ ደግሞ በአራተኛው ቀን "ደህና ነኝ" ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ስንት ጊዜ ነው የምትበዪው? እውነቱን ንገሪኝ። ዱቄቱን የላክሁልሽ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለደሳለው ምን ብዬ ነው የምነግረው? "አንተን ላድን ብዬ እህትህን ገደልኳት" ልበለው?

ደሴ ሂጂና ተመርመሪ። ዛሬ ነገ እንዳትዪ። ውጤቱን አንድም ሳታስቀሪ ላኪልኝ። ምርመራው ሳይደርሰኝ ሌላ ጣሳ አልክም።

ተቆጥቼሻለሁ። የተቆጣሁት ስለምወድሽ ነው፤ ይህን ደግሞ ተቆጥቼ ካልሆነ መጻፍ አልችልም ነበር።

ኢልሀም


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢልሀም፣

እንኳን ለኢድ አደረሰሽ፤ ዘግይቻለሁ። የምጽፍልሽ በሽፍንፍን እጅ ስለሆነ ታግሠሽ አንብቢኝ። ቁስሉ እየጠገገ ነው።

እውነቱን ጠይቀሽኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን አንድ ስፍር ብቻ ነበር የምወስደው፤ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ምሳውን ትቼው ነበር። ውሃም ረሳሁ። የቸኮልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የካቲት መጨረሻ ላይ ስልክ ሠርቶልን ከደሳለው ጋር ስናወራ፣ መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ወሬውን አቆመ። "ምነው?" ስለው፣ "ደረጃ ወጥቼ ነው" አለኝ። የእናንተ ቤት ምድር ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኪያ ወደ አፌ ባነሣሁ ቁጥር እሱን የማዘገየው እየመሰለኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

ደሴ ሞላ ነው የወሰደኝ፤ ከፋሲካ በፊት በነበረው ማክሰኞ። ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ። ዶክተሯ አይታው መነጽሯን አወለቀች። "ለምንድን ነው እንዲህ የተራብሽው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እንግዲያው ሴትዮ፣ የምትሰጪውን ኩላሊት ነው እያደረቅሽው ያለሽ። በደምሽ የቀረው ቆሻሻ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። እንዲህ ሆነሽ ማንም አይቀበልሽም" አለችኝ። ሞላ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

ደግነቱ ይመለሳል አለች፤ የውሃ ጥምና ረሀብ ያመጣው ነው። ሁለት ወር በሥርዓት በልቼ፣ ጠጥቼ ሰኔ ላይ እንድደግመው አዛኛለች። በእኔ ችኮላ ደሳለው ሁለት ወር ተጨመረበት። ይቅር በይኝ። የዋሸሁሽንም ይቅር በይኝ።

አሁን እበላለሁ። ለዝናሽ እውነቱን ነገርኳት። ለካ እስከዛሬ የምሞት መስሏት ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስፍሩን በጥብጣ እፊቴ ቆማ እስክጨርስ አትንቀሳቀስም። ሚዛኑ ወደ ሰማንያ ሁለት ተመለሰ። ሞላ አይቶ፣ "ተመስገን" አለ።

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ እሱን ተይው። የምነግርሽ ሌላ ነው።

ደሳለው ደብዳቤዎችሽን አገኘ።

በቁምሳጥኑ ውስጥ ሂጃቦቼ ሥር ነበር የማስቀምጣቸው። ከሥራ ስመለስ አልጋው ላይ በቀናቸው ደርድሮ ተቀምጧል። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ያቺ ሴትዮ እኮ ለእኔ ስትል ተርባ ወደቀች" አለኝ። "እናታችን ስትታመም ከትምህርት የወጣችው እሷ ናት። እኔ ተማርኩ፣ እሷ ወጥ ሠራች። አሁን ደግሞ አካሏን? አልቀበልም። ሐኪሙንም፣ አንቺንም፣ እሷንም፣ አልቀበልም።"

በማግስቱ ከእጥበቱ ሊቀር ነበር። ለምኜ ወሰድኩት።

የእኔ ደም እንደማይገጥም ታውቂያለሽ። ቢገጥም ኖሮ ይህን ሁሉ አንቺ ላይ አልጥልም ነበር። ምን እንደምለው አላውቅም። አንቺ ጻፊለት። ወይም ለእኔ ጻፊና እኔ አነብለታለሁ፤ በአንቺ ስም የመጣ ፖስታ የሚከፍት አይመስለኝም።

ኢልሀም


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢልሀም፤ ደሳለው እየሰማ ይነበብ።

ደሳለው ወንድሜ፣ እንደምን አለህ? መቆጣትህን ሰምቻለሁ። ተቆጣ። ስትጨርስ ግን ስማኝ።

ተርቤያለሁ፤ እውነት ነው። የወደቅኩት ግን በአንተ አይደለም፤ በራሴ ችኮላ ነው። "ሁለት ስፍር" ያሉኝን አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አሁን በልቼ እየቀነስኩ ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ነኝ። የደም ግፊቴም ወርዷል፤ ዶክተሯ "እንደያዝሽው ብትቀጥዪ አንድም ኪኒን አያስፈልግሽም" ብላኛለች። እንግዲህ አንተ አልቀበልም ብትል እኔ ጤነኛና ቀጭን ሆኜ እቀራለሁ፤ የምጎዳው አንተ ነህ። አስብበት።

ከትምህርት ወጣችልኝ እያልክ ነው አሉ። አልወጣሁልህም። ሒሳብ አልገባኝም ነበር፤ እናታችን ባትታመምም እወጣ ነበር። ለሰላሳ ዓመት ሳልነግርህ የኖርኩት ስለምታመሰግነኝና ምስጋናው ደስ ስለሚለኝ ነው።

አሁን የከበደውን ልናገር። የሠርጋችሁ ዕለት የት እንደዋልኩ ማናችሁም አልጠየቃችሁኝም። እናታችን "ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አልሄድም፤ ከእናንተም የሚሄድ ልጄ አይደለም" አለች። እኔም ዝም አልኩ። ያን እሑድ እዚሁ ከተማ የሌላ ሰው ሠርግ ነበር፤ ሄጄ ወጥ ስሠራ ዋልኩ። ለሁለት መቶ ሰው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሴቶቹ ሁሉ ሊያዩ ወጡ፤ እኔ ከድስቱ ጋር ቀረሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች ድግስ አብስዬ የወንድሜን ሠርግ ሳልበላ ዋልኩ። እናታችን ከሞተች በኋላ እንኳ ደውዬ ይቅርታ አላልኩም። ፈርቼ ነበር።

ኢልሀም፣ ይቅር በይኝ።

ይህ ግን ካሳ አይደለም። ካሳ ቢሆን ኖሮ በግ አርጄ እመጣ ነበር። ደሳለው፣ የምሰጥህ አንተ በሕይወት ስትኖር ማየት ስለምፈልግ ብቻ ነው። ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም። ሌላ ምክንያት ፈልገህ አትጨቅጭቀኝ።

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬዋ፣

የላክሽው የደሴ ውጤት ደርሶናል። ዶክተሩ አይቶታል፤ "ኩላሊቷ የኮረዳ ነው" አለ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩለት ዕለት እስከ መጨረሻው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ሒሳብ አልገባኝም ያልሽው ላይ ስደርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅኩም። የሠርጉን ሳነብ እኔ ራሴ አቃተኝና ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ተነሥቶ እሱ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ስለዚህ ነገር ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ስቀዳ ድንገት፣ "አሁን ስንት ኪሎ ሆነች?" አለኝ።

"ሰባ ሰባት።"

"እትዬ ብርሀንነሽ? ሰባ ሰባት?"

"አዎ።"

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለ። "ትምጣ" አለኝ።

ሐምሌ ስምንት እንድትገቢ ተብሏል። ጋሽ ሞላ አብሮሽ ይምጣ፤ የሚያርፈው እኛ ቤት ነው። ይቅርታ ጠይቀሽኛል። እኔ ይቅር ያልኩሽ ኅዳር ላይ ነው፤ አንቺ ነሽ የዘገየሽው።

ኢልሀም


ከአራተኛ ፎቅ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

እትዬ፣

ነርሷ እንዳትነሺ ስላለች፣ እኔም ከእሱ በር መራቅ ስላልቻልኩ ይህችን በጋሽ ሞላ እጅ ልኬልሻለሁ።

ደሳለው ሸና።

ሽንቱ ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በኋላ። ገና ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳለ ነው አሉ የጀመረው። በቱቦው ይወርዳል። ከረጢቱን በመስታወቱ በኩል አሳዩኝ። ዶክተሩ እጁን እያሻሸ፣ "ኩላሊቷ ሥራ ለመጀመር ፈቃድ አልጠየቀችም" አለ። ደሳለው ገና አልነቃም። ሲነቃ የምነግረውን አሁን ለአንቺ ነገርኩሽ።

ኢልሀም


ከሁለተኛ ፎቅ፣ በዚያው ዕለት

ኢልሀምዬ፣

ሞላ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስልኝ ድምፁ ጠፋበት። ቀሪውን ራሴ አነበብኩት።

እልል ልል ስል ነርሷ አፌን ያዘችኝ፤ "ስፌትሽ ይፈታል!" አለች። አጠገቤ አልጋ ላይ የተኙ አንዲት የጅማ ሴትዮ አሉ፤ ከትናንት ወዲያ ነው የተዋወቅነው። "ምን አገኘሽ፣ ልጄ?" አሉኝ። "ወንድሜ ሸና" አልኳቸው።

ቀስ ብለው በክርናቸው ተደግፈው ተነሡና በእኔ ፈንታ እልል አሉልኝ። ሦስት ጊዜ።

ብርሀንነሽ